ወንዙ ሲጎድል፦ ከሽንፋ ቆላ ለደራሲ ልጆችና ለወላጆቻቸው

ልጅ «ሐኪም እሆናለሁ» ሲል ቤቱ ይደሰታል። «ደራሲ እሆናለሁ» ሲል ግን ወላጅ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶም ሐሳቡን አልቀይርም ካለ ፈገግታው ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ጭንቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሀገራችን መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። የወረቀት ዋጋ ይንራል፣ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሣል፣ መጽሐፉ ተወዳጅ ከሆነ ደግሞ ሕገ ወጥ ቅጂው ይከተላል። «ታዲያ ምን በልቶ ሊኖር ነው?» የሚለው የእናት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

በዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ይህን ጥያቄ ይዘን የምንወርደው ወደ ሽንፋ ነው። ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነ ወንዝም ከተማም ነው። የሥነ ጽሑፍ መናኸሪያ ተብሎ የሚጠራ ቦታ አይደለም። ነገር ግን «በክፉ ጊዜ ምን ተበልቶ ይኖራል?» ለሚለው ጥያቄ በምድራችን ላይ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ መልሶች አንዱ የተገኘው በዚህ ወንዝ ዳር ነው።

ከደጋው ወደ ዋልካው

ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞን ያለፈ መንገደኛ እስከ አይከል ድረስ ደጋውን ይዞ ይጓዛል። ጋቢ የለበሰ ገበሬ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ የጤፍና የገብስ ማሳ ያያል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ምዕራብ እየተጠማዘዘ መውረድ ይጀምራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ላይ ሲደርሱ ከፍታው 700 ሜትር አካባቢ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ውኃ ውኃ ይላል። ባሕር ዛፉ ይቀርና ግራሩና የዕጣን ዛፉ ይተካሉ።

የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውኃ ናት። ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋና መንገድ ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከከተማዋ ጫፍ ድንበሩ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። ሽንፋ ግን ከዚህ ዋና መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቋራ አቅጣጫ ነው ያለችው። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካው በክረምት ጎማ ውጦ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። በዚህ አፈር ላይ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅላል።

የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቆላውን ያቋርጥና ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በክረምት ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ግን ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ በበጋው ልብ ላይ የወንዙ መንገድ አሸዋና ጠጠር ሆኖ እዚህም እዚያም የተነጠሉ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ።

ዓሣ የበሉት ሰዎች

በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ በዚህ አካባቢ አንድ የጥንት ሰዎች መስፈሪያ ያገኙት በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ቦታውን ሽንፋ-መተማ 1 ብለው ሰየሙት። የረጅም ዓመታት ቁፋሮና ምርመራ ውጤቱ ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት የወጣው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ቶባ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በሰው ልጅ ዘመን ከተከሰቱት ፍንዳታዎች ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዓለምን በአመድና በቅዝቃዜ ሸፍኖ የሰውን ዘር ከጥፋት ጫፍ ላይ አድርሶት ነበር የሚል ግምትም ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። በሽንፋ ዳር ግን ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከፍንዳታው በኋላም መኖራቸውን አላቆሙም።

እንዴት? ተመራማሪዎቹ ከአፈሩ ያወጡት የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር በዚያን ጊዜ አየሩ ይበልጥ መድረቁን ተናገረ። በዚያው ንብርብር የተገኘው አጥንት ደግሞ የሰዎቹ ምግብ መለወጡን አሳየ። የዱር እንስሳት ድርሻ ሲቀንስ የዓሣው ድርሻ በብዙ ጨመረ። በጋው ረዝሞ ወንዙ ወደ ኩሬዎች ሲቆራረጥ፣ ዓሣው በጠባብ ውኃ ውስጥ ስለሚታጨቅ ለመያዝ ቀላል ሆነ። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት እንዲህ ከኩሬ ኩሬ እየተጓዙ፣ ወንዙን እንደ መንገድ ይዘው፣ የሰው ልጆች ከአፍሪካ ወደ ሌላው ዓለም የወጡት በእንዲህ ያለ ኑሮ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለእናት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። የሽንፋ ሰዎች ዝናቡ እስኪመለስ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። አደንንም ፈጽመው አልተዉም፤ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶቻቸው ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ ለቀስት የተሠሩ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይገምታሉ። በድርቁ ጊዜ የሚያኖራቸውን ሥራ ይዘው ቆዩ፤ ያ ሥራም አዲስ ሀገር አሳያቸው።

ደራሲዎቻችን ከየትኛው ኩሬ በሉ?

የሥነ ጽሑፋችንን ታላላቅ ስሞች በዚህ ዓይን እንያቸው። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በመምህርነት አገልግለዋል፣ ዘምተዋል፣ በኢጣልያ ተማርከው ታስረዋል፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታትና በእንግሊዝ ሀገራቸውን የወከሉ ዲፕሎማት ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ያኔ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበሩ። ያ ሁሉ ዘመን ከድርሰት ሥራ የተሰረቀ ዘመን ነው ለማለት ይከብዳል። የጎጃምን ባላባትና ጭሰኛ፣ ቄስና ተማሪ በልባቸው ይዘው፣ እንጀራቸውን ከሌላ ሥራ እየበሉ ኖረው ነው ያንን መጽሐፍ የሰጡን።

የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛ ነበር፤ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅም ሆኖ ሠርቷል። ዜና በየቀኑ መጻፍ አጭርና ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ያስተምራል፤ የብርሃኑን ልብ ወለዶች ያነበበ ሰው ያንን የጋዜጠኛ እጅ ይለየዋል። «ማዕበል» በተሰኘው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራው የረሃቡንና የአብዮቱን ዘመን የዘገበውም በዚሁ እጅ ነው።

በዓሉ ግርማም እንዲሁ በጋዜጣና በመጽሔት አዘጋጅነት፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣንነት ሠርቷል። ለ«ኦሮማይ» መነሻ የሆነውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ያየው በዚሁ ሥራው ምክንያት ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። የደራሲ ኑሮ ጥያቄ ሁልጊዜ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ወላጅ ልጁን ሲመክር ይህንንም መደበቅ የለበትም።

በሌላ በኩል አቤ ጉበኛ አለ። በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከሞከሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ደራስያን አንዱ እሱ ነው። «አልወለድም» ተከልክሎበታል፤ ኑሮውም ቀላል አልነበረም። የአቤ ድፍረት የሚከበር ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንደ መጀመሪያ ዕቅድ የሚመከር ግን አይደለም።

ትልቁ ወሬ በትንሹ ብናኝ

ሽንፋ ለሚጽፍ ሰው የኑሮ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የአጻጻፍም ትምህርት አላት። ተመራማሪዎቹ ያ የሽንፋ መስፈሪያ ከቶባ ፍንዳታ ጋር መገጣጠሙን ያወቁት በምን ይመስላችኋል? በአፈሩ ውስጥ ባገኟቸው፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ባነሱ ጥቂት የእሳተ ገሞራ መስታወት ብናኞች ነው። ከሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት በነፋስ የመጡትን እነዚህን ብናኞች በኬሚካዊ ይዘታቸው ለይተው ከቶባ ጋር አገናኟቸው። ዓለምን ያናወጠው ነገር ማስረጃው በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሆኖ ተገኘ።

ጀማሪ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከትልቁ ነው። «ድህነት ከፋ»፣ «ጦርነቱ ሁሉን አወደመ»፣ «ፍቅሯ እንደ እሳት ነደደ» ይላል። አንባቢ ግን ጦርነትን በቁጥር አይሰማውም፤ በር ላይ ሆኖ ባለቤቱን የሚጠብቅ ጫማ ሲያይ ይሰማዋል። ስለ ሽንፋ የሚጽፍ ሰው «አካባቢው በጣም ሞቃት ነው» ከሚል ይልቅ ሰዉ በሌሊት አልጋውን ወደ ደጅ ማውጣቱን ቢጽፍ አንባቢው ሙቀቱን ራሱ ያገኘዋል።

የሰሊጥ ማሳው ቋንቋ

እንዲህ ያለ ቅንጣት ከየት ይገኛል? ከሥራ ውስጥ ነው። መስከረም አልፎ ሰሊጡ ሲደርስ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ቋራ ማሳዎች ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቀድሞ የታጨደ ፍሬው አይሞላም፤ የዘገየ ደግሞ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ተከፍቶ ሀብቱ መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው ይታሰራል፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ያንን ክምር ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ ተገልብጦ ይራገፋል።

ሠራተኛው ሜዳ ላይ፣ በግራር ሥር ያድራል። የወባ ትንኝ አለ፤ ካላዛር የተባለውን ክፉ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በዚያው የዋልካ ስንጥቅና የግራር ጥላ አካባቢ አለች። ታሞ የሚመለስ ብዙ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከየአውራጃው የተሰበሰበው ይህ ሠራተኛ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ የየሀገሩን ቀልድ፣ የየሀገሩን እንቆቅልሽ ያወራል። የጎጃሙ የወሎውን ንግግር ይስቅበታል፣ ሳያውቀው ግን ይቀበለዋል። ወደ ድንበሩ ሲጠጉ ዓረብኛው ይቀላቀላል። በመተማና በቋራ የሚኖሩት የጉሙዝ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው ተረት አላቸው።

ለደራሲ ይህ ሁሉ ከማንኛውም የጽሑፍ ኮርስ የሚስተካከል ትምህርት ነው። ሂላ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ደራሲ ከቃሉ ጋር ሰውየውን፣ ሰዓቱን፣ ሥጋቱን አብሮ ያውቃል። ልብ ወለዶቻችን ስለ አዲስ አበባ ቡና ቤት ብዙ ተናግረዋል፤ ስለ አንድ የሰሊጥ አጫጅ የጥቅምት ወር ግን ገና ብዙ የሚጻፍ አለ። ልጅዎ ደራሲ ሊሆን ከፈለገ ይህ ገና ያልታጨደ ማሳ ነው።

አንድ ጦርነት፣ ሁለት ተራኪ

ይህ ቆላ ግን ያልተጻፈለት ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱት በዚሁ በቋራ ነው፤ በ1840 ዓ.ም. በግብጽ ጦር መድፍ የተሸነፉበት ደባርቂም ከዚህ ድንበር ማዶ ነው። ቴዎድሮስን ገርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድህን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ጽፈዋቸዋል። አንድ ሰው፣ አራት ደራስያን፣ አራት የተለያዩ ቴዎድሮሶች። ለልጅ ከዚህ የተሻለ የአጻጻፍ መልመጃ የለም፤ ሁለቱን ልብ ወለዶች አስነብበው «ምኑ ላይ ተለያዩ?» ብለው ይጠይቁት።

መተማ ላይ ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከማህዲስቶች ጋር ተዋጉ። የኢትዮጵያ ጦር እያየለ ሳለ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ፤ ንጉሡም በማግሥቱ ዐረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከአንድ ዓመት በፊት ጎንደር በማህዲስቶች ተቃጥላ ነበር። እኛ ይህን የምንተርከው የንጉሥ መሥዋዕትነት አድርገን ነው፤ በዚያ በኩል የተተረከው ደግሞ የድል ዜና ሆኖ ነው። በድንበሩ በሁለቱም ወገን ግን ሁለቱ ጦሮች ሲያልፉ እህሏን የደበቀች እናት ነበረች። የእሷን ትረካ ለመጻፍ ሁለቱንም ወሬዎች ሰምቶ፣ ለአንዱም ሳይቸኩሉ መቆየትን ይጠይቃል። ደራሲ ከታሪክ ነጋሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ለቤት የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለወላጅና ለልጅ የምንለው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ልጅዎን ከድርሰት አይከልክሉት፤ ከድርሰቱ ጎን የሚያኖረውን ሙያ ግን አብረው ይምረጡ። ሙያው ከሰው ጋር የሚያገናኘው፣ ከከተማ የሚያወጣው ቢሆን ይመረጣል። መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ሁሉም በየቀኑ ታሪክ ይሰማሉ። ከሥራ ሰዓት ውጪ በየቀኑ አንድ ሰዓት መጻፍ በዓመት መጨረሻ መጽሐፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከመጽሐፍ ሌላ የጽሑፍ ኩሬዎችም አሉ። የሬዲዮ ድራማ፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ትርጉም፣ የልጆች መጽሐፍ፣ አርትዖት፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ እጅ ይከፍላሉ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብ ሁሉ እንደ ሰማው እናስታውሳለን። አባባ ተስፋዬም በተረት ብቻ ትውልድ አሳድገዋል።

ሦስተኛ፣ መብት በጽሑፍ ይያዝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህ ማለት አንድ መጽሐፍ ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው። ስለዚህ ከአሳታሚ ወይም ከፊልም ሠሪ ጋር የሚፈረመው ውል ለኅትመት፣ ለትረካ፣ ለትርጉምና ለፊልም የሚሰጠውን መብት ለየብቻ ይግለጽ፤ የጊዜ ገደብም ይኑረው። «ሁሉንም መብት ለዘለዓለም» የሚል ውል ያለ ሕግ አዋቂ ምክር አይፈረም።

አራተኛ፣ ድርሰትም እንደ ሰሊጥ ጊዜ አለው። ሳይበስል አይታተም፤ በሦስት የሚታመኑ አንባቢዎች ሳያልፍ ማተሚያ ቤት አይግባ። አንዱ አንባቢ ግን ስለተጻፈበት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ስለ አጨዳ የተጻፈውን አጫጅ ያንብበው፣ ማንበብ ካልቻለም ይነበብለት።

ለመሄድ ላሰበ

ወደዚህ ቆላ ቤተሰብ ይዞ ለመውረድ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው አካላትና ከአካባቢው ነዋሪ ያጣራ፤ ሁኔታው አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞው ይቆይ። ለመሄድ የሚመቸው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ለሕፃናት ከባድ ነው። አጎበር፣ እጅጌው ረጅም ልብስና በቂ ውኃ ያስፈልጋል። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከታየ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድና ከየት እንደተመለሱ መናገር ይገባል።

መሄድ ያልቻለ ደግሞ ጎንደር ላይ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ አዲስ አበባም ላይ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ፣ መተማ የነገደ፣ ድንበር ላይ ያገለገለ ሰው አያጣም። ምናልባት በር ጠባቂው ነው፤ ምናልባት የሠፈሩ አናጢ ነው። ልጅዎ ደብተር ይዞ፣ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብሎ፣ ቡና ተፈልቶለት ቢቀመጥ ሁለት ሰዓት አይበቃም። ሲያበቃ የሰማውን በራሱ ቃል ይጻፍና ለተናገሩት ሰው መልሶ ያንብብላቸው። «እንዲህ አይደለም» ያሉትን ያርም። ያ እርማት የመጀመሪያው የድርሰት ትምህርቱ ነው፤ ክፍያውም አንድ ጀበና ቡና ነው።